አርጊሪስ ሚስቱን አቴንስ ያስጎበኘበት ሳምንት

አርጊሪስ በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜው ለሽርሽር የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያንንም ታክሲዬ ውስጥ አስቀምጬ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ማስቆም ሲገባው ዝም ያለም ከእኔ በላይ የለም።

እኔና እሱ የአንድ መንደር ልጆች ነን። ኪዮስ ደሴት ላይ፣ ማስቲካ ከዛፍ ከሚለቀምባቸው የደቡብ መንደሮች በአንዱ ተወለድን። እኔ በሃያ ዓመቴ አገሩን ጥዬ አቴንስ ገባሁና አርባ ዓመት ታክሲ ነዳሁ። እሱ እዚያው ቀረ። የማስቲካ ዛፍ አጭር ነው፤ ቆሞ የሚሠራው ሰው የለም። በሐምሌ ከሥሩ ያለውን መሬት ጠርገህ ነጭ አፈር ትነሰንሳለህ፣ ግንዱን በስለት ትጭረዋለህ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ብሎ የደረቀውን ተንበርክከህ ትለቅማለህ። አርጊሪስ ከልጅነቱ ጀምሮ በጉልበቱ እየዳኸ ኖረ። ዛፎቹን በስም ነበር የሚያውቃቸው። አንዷን «አማቴ» ይላታል፤ ብዙ ትወጋለች፣ ትንሽ ትሰጣለች እያለ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉው አፉ ነበር። እኛ መንደር እርግማን እንደ ሰላምታ ነው፤ እሱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ነፋሱን፣ መንግሥትን፣ የጎረቤቱን ዶሮ በየተራ ሳይረግም ቁርስ አይቀምስም። አህያውን ከመርገሙ ብዛት እንስሳው እርግማኑ ስሙ ይመስለው ነበር፤ ሲሰማ ዞር ይላል።

ስታማቲያን ያገባት ከአርባ አራት ዓመት በፊት ነው። በሰርጋቸው ሳምንት፣ «ለቀማው ይለቅ እንጂ አቴንስን አሳይሻለሁ» አላት። ለቀማው ሲያልቅ ማስቲካውን ማጽዳት መጣ፣ ማጽዳቱ ሲያልቅ ወይራ መጣ፣ ወይራው ሲያልቅ ዛፍ መግረዝ መጣ። ቆይ ነገ፣ ቆይ ነገ ሲባል አሥራ አምስት ዓመት ሄደ። ልጅም እንቢ ብሏቸው ነበር። ተስፋ በቆረጡበት ሰዓት ሚልቶስ ተወለደ። ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርጊሪስ ስሜን ትቶ «አበልጅ» ነው የሚለኝ፤ ስቴርጊዮስ መባሌን የረሳው ይመስለኛል።

ሚልቶስ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ማስቲካውም መንበርከኩም በቃኝ አለ። ያለው ደግሞ በለቀማው መካከል ነው። ነሐሴ ላይ ለዕረፍት መንደር ሄጄ ስለነበር አብሬያቸው ከዛፍ ሥር ነበርኩ። ልጁ ወንፊቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አባዬ፣ የነገው መርከብ ላይ ቦታ ይዣለሁ። አቴንስ እሄዳለሁ።»

«ለቀማውስ?»

«ለቀማው መቼ አልቆ ያውቃል? አያቴ ጀምሮት አንተ ዘንድ ደርሷል።»

«እንግዲህ እኔ ብቻዬን ልዳክርበት!»

«ሽጠው። ዛፍ ነው እኮ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።»

ምናለ ይህን ባይል! አርጊሪስ ከተንበረከከበት ሳይነሳ፣ «ሂድ! አፈር አይብላህ! ተቀብረህ አትፍረስ!» አለው።

በእኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ እርግማን የለም። አፈር ያልበላው ሬሳ ነፍሱ ያላረፈች ሰው ነው ይባላል፤ ወላጅ የረገመው ደግሞ ሥጋው አይፈርስም ይባላል። አርጊሪስ ያንኑ ቃል ጠዋት ለአህያውም ብሎት ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚልቶስ ወንፊቱን እዚያው ትቶ ሄደ። ስታማቲያ ቤት ምሳ እየሠራች ነበርና አልሰማችም። እኔም አልነገርኳት።

ልጁ አቴንስ መጥቶ በሞተር ሳይክል ምግብ ማድረስ ያዘ። እሑድ እሑድ እኔ ቤት ይበላ ነበር። ከአባቱ ጋር በስልክ የሚያወሩት ስለ ሰማዩ ብቻ ነው። «ዘነበ?» «አልዘነበም።» «እዚህም አልዘነበም።» ከዚያ ስልኩን ለእናቱ ይሰጣል። በሦስተኛው ዓመት ጥር ወር ላይ ዝናብ ባራሰው መንገድ ሞተሩ ተንሸራተተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በዚያ ሳምንት የሰሜኑ ነፋስ መርከቦቹን ሁሉ ወደብ ላይ አሰራቸው፤ አውሮፕላንም አልተነሳም። አርጊሪስና ስታማቲያ አምስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ወደብ ላይ ቆሙ። በአምስተኛው ቀን ከዚያ በላይ መጠበቅ አልተቻለምና ሚልቶስን እኛ ሰፈር ካለው መቃብር ቀበርኩት። አባትም እናትም የሌሉበት ቀብር ነበር። የመቃብሩ ቢሮ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። ምን አነባለሁ? የሚለውን ማንም ያውቀዋል። አቴንስ ለሙታንም ቦታ የላትም፤ ሬሳ የሚተኛው ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ አጽሙ ይወጣል፣ ቤተሰቡ ያጥበዋል፣ በሣጥን አድርጎ ወደሚወስድበት ይወስደዋል።

«ሦስት ዓመት ታገሺ» አልኳት ስታማቲያን በስልክ። «ልጅሽን ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

ታገሠች። ነጭ የተልባ እግር ከረጢት ሰፋች፤ ጠርዙን ጠለፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠለፈችው። ልጁ በሞተበት ዓመት ከተጠመቀው ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ አስቀመጠች፤ እናት የልጇን አጥንት የምታጥበው በወይን ነውና። እንደ ሰም ቢጫ ሆኖ ከወጣ አርፏል ማለት ነው ትላለች፣ እንደ ማንኛዋም የመንደራችን ሴት። የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያልቀበረችውን ልጇን በእጇ አጥባ ወደ መንደሩ መመለስ። አርጊሪስ ደግሞ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ልጁን ሳይፈርስ፣ እንደተኛ ማግኘት።

ሦስቱ ዓመት ሲሞላ አጽሙ የሚወጣበት ቀን ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተባለ፤ ወሩ የካቲት ነው። ቅዳሜ ማለዳ ፒሬዎስ ወደብ ተቀበልኳቸው። ስታማቲያ ከረጢቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደች። አርጊሪስ የሰርጉን ኮት ለብሶ ነበር፤ አልተቆለፈለትም። ያረፉት እኔ ቤት ነው፤ የመመለሻ መርከባቸው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው።

እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አርጊሪስ፣ «እስቲ እነዚያን ወታደሮች እንይ» አለ። ሲንታግማ አደባባይ ወሰድኳቸው። ጠባቂዎቹ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በጫማቸው ጫፍ ላይ ያለውን ጥቁር ጎፈሬ ክር እያርገፈገፉ እግራቸውን ቀስ አድርገው ወደ ሰማይ ያነሳሉ።

«ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው?» አለ አርጊሪስ። «ጭቃ ውስጥ ገብቷል እንዴ?»

«ዝም በል፣ የመንግሥት ወታደር ነው» አለች ስታማቲያ።

«እናቱ እንዲህ ለብሶ መውጣቱን ታውቃለች?»

«ታውቃለች፤ ቀሚሱን የተኮሰችለት እሷ ናት። አንተ ኮትህ አይቆለፍም፣ በሰው ልብስ ትስቃለህ።»

ሳቅኩ። ለቅሶ የመጡ ሰዎች መሆናቸውን ለአንድ አፍታ ረሳሁት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ ሆነን አርጊሪስ ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን አያት። «ስታማቲያ፣ አርባ አራት ዓመት ሙሉ ቃል አለብኝ። ነገ ልጁን ከተቀበልን ሽርሽር የለም፤ አጽም ተሸክሞ አክሮፖሊስ አይወጣም። ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመን እንይ፣ ከዚያ ይዘነው እንገባለን። አበልጅ ደውሎ ቀኑን ያስለውጥልናል።»

ስታማቲያን በመስታወቱ አየኋት፤ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። የስድሳ ስድስት ዓመት ሴትዮ እንደ ሙሽራ ስታፍር አየሁ። «አንተ ካልክ» አለች። «ሚልቶስም፣ እማዬ አቴንስን መቼ ታያለች ይል ነበር።»

ወደ ቢሮው ደወልኩ። ጸሐፊዋ አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት አለችኝ። «ከዚያ አያልፍም፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተይዟል» ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ አክሮፖሊስ ወጣን። አርጊሪስ ዕብነ በረዱን በመዳፉ ሊነካ ሲል ጠባቂዋ ፊሽካ ነፋችበት። የብረት መወጣጫውን ሽቅብ አየና፣ «ይሄ ነገር እኔ ወታደር ሳለሁም በጥገና ላይ ነበር። ግንበኛው ሞቷል እንዴ?» አለ። ስታማቲያ ከታች ያለውን ከተማ በጣቷ እያሳየች፣ «ሚልቶስ የት ነው የሚተኛው? በየት በኩል ነው?» ስትለኝ አሳየኋት። ቦታው ከዚያ አይታይም፤ እሷ ግን ያየች ይመስል አማተበች። አርጊሪስ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ረቡዕ በገመድ በሚሳበው ባቡር ሊካቪቶስ ኮረብታ ላይ ወጣን። ሐሙስ የቁንጫ ገበያ የሚባለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዞርን፤ አርጊሪስ ለሚስቱ የቆርቆሮ አክሮፖሊስ ገዛላት። ቡና የጠጣነው መንገድ ዳር ነበር። እሷ አጠገባችን ካለው ሱቅ ውስጥ ሻርፕ ስታይ አርጊሪስ ክንዴን ያዘኝ።

«አበልጅ፣ ለሰኞ አስደርግልኝ።»

«አርጊሪ፣ አርብ የመጨረሻው ነው ተብሏል።»

«በእነዚያ አምስት ቀናት ወደቡ ላይ ቆሜ ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቃለህ? ጨው ስጥል ነበር። እፍኝ እፍኝ እያደረግሁ ባሕር ውስጥ። ይሄ ጨው እንደሚሟሟ ቃሌም ይሟሟ እያልኩ። ግን ልጁ ከሞተ በኋላ ነው። ከሞተ በኋላ ይሠራል?»

«ቄሱን ጠይቅ።»

«ጠየቅኩት። ጸልይ አለኝ። ጸልይ የሚሉህ ሲያቅታቸው ነው።» ወደ ሱቁ በር ዞር ብሎ አየ። «እሷ ፊት ተከፍቶ፣ እንዳለ ተኝቶ ብታገኘውስ? ፊቱ እንዳለ? ምን እላታለሁ? ሦስት ቀን ብቻ ጨምርልኝ። አፈሩ በሦስት ቀን የሚሠራውን ይሥራ።»

አፈር በሦስት ዓመት ያልሠራውን በሦስት ቀን አይሠራም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያን ነሐሴ ከዛፉ ሥር የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ እርግማኑን አብሬው የተናገርኩት ያህል ይሰማኝ ነበር። እሱ ሄዶ ለስታማቲያ፣ «ቀጠሮው ሰኞ ሆኗል፣ ቢሮው ነው ያዛወረው» አላት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ቡናዬን አማሰልኩ።

አርብ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቀኑን ለሰኞ ለማስለወጥ ለቢሮው ደወልኩ። ጠራ፤ አልተነሳም። በሁለት ሰዓት ደወልኩ፤ አልተነሳም።

«ካላነሱ ገና አልገቡም ማለት ነው» አለ አርጊሪስ። «እነሱ ካልገቡ ማን ይቆፍራል?»

አሁን ይህን የሚሰማ የውጭ ሰው ጅሎች ናችሁ ይለን ይሆናል። እዚህ አገር የኖረ ግን አይለንም። በአርባ ዓመት ውስጥ በቀጠረው ቀን ሥራውን የሠራ መሥሪያ ቤት አላየሁም። የታክሲ ፈቃዴ «ነገ ና» ተብዬ በስምንት ወሩ ነው የወጣው። የእናቴ የጡረታ ውሳኔ የደረሳት ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ አርብ ከተባለ ሰኞ፣ ቢፈጥን ሰኞ። ይህን የእናት ጡት ስንጠባ ነው የተማርነው። «እውነትህን ነው» አልኩት፣ አምኜም ነበር። «ሰኞ ጠዋት ሄደን እናስከፍተዋለን።»

ወደ ሱንዮ ነዳሁ፤ ከባሕሩ በላይ ገደል ላይ ያለውን ቤተ መቅደስ ላሳያቸው። ቀኑ ፀሐያማ ነበር፣ ነፋሱ ግን ኃይለኛ ነው። ከመኪና እንደወረድን የአርጊሪስን ባርኔጣ ነጥቆ ወደ ገደሉ ወሰደው። አርጊሪስ እየሮጠ፣ «አንተ የነፋስ ዲቃላ! አንተ ኮፍያ ሌባ! ጭንቅላት የለህ፣ ምን ላይ ልታደርገው ነው!» ይላል። ስታማቲያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው።

እሑድ ስታማቲያ ቀኑን ሙሉ ስንዴ ስትቀቅል ዋለች። ንፍሮውን በስኳር፣ በሮማን ፍሬና በለውዝ አስጊጣ በትሪ ላይ ደለደለችው፤ ከላዩ በለውዝ የሚልቶስን ስም የመጀመሪያ ፊደል ሠራች። ሰኞ ጠዋት ትሪውን እኔ ያዝኩ፤ እሷ ከረጢቱን፣ ወይኑንና አዲስ ሳፋ ይዛለች። አርጊሪስ ባዶ እጁን ከኋላችን ይመጣል። መኪና ውስጥ ያለማቋረጥ ሲያማትብ ነበር።

መቃብሩ ያለበት ረድፍ ስንደርስ ትኩስ አበባ ተቆልሎበታል። መስቀሉ አዲስ ነው፤ ላዩ ላይ የማላውቃት ሴት ፎቶ አለ።

«አበልጅ፣ ረድፉን ስተሃል» አለች ስታማቲያ።

አልሳትኩም። ስንት ሻማ ለኩሼበታለሁ። ግን፣ «ይሆናል» አልኳትና ወደ ቢሮው በኩል መራኋቸው። ከቧንቧው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ቆፋሪ አካፋውን እያጠበ ነበር። ስሙን ነገርኩት። ወዲያው አስታወሰ።

«የአርቡ ልጅ? የት ጠፋችሁ! ጠበቅናችሁ እኮ። ቄሱም መጥቶ ነበር። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን።»

«ደወልኩ» አልኩ። «ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም።»

«ማን ያንሳ? ጸሐፊዋ መዝገቧን ይዛ መቃብሩ ላይ ቆማ እናንተን ስትጠብቅ ነበር።»

ስታማቲያ ሁለታችንንም አላየችም። ወደ ቆፋሪው ተጠጋች። «አወጣችሁት ማለት ነው? ይሁን፣ ደግ አደረጋችሁ። ስጠኝ በቃ፤ ሳፋውን ይዣለሁ፣ እዚሁ ቧንቧው ዘንድ አጥበዋለሁ።»

ሽማግሌው አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። «እናቴ፣ ቤተሰብ ካልቀረበ የምናስቀምጥበት የለንም። ወደ ጋራው ጉድጓድ ነው የሚገባው። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ተፈርሞበታል።»

የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀቱ ይዞ ነበር።

ያን ጊዜ አርጊሪስ ከኋላችን ወጣና የሰውዬውን እጅጌ ያዘ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ፈርሶ ነበር?»

«ምን አልከኝ አባባ?»

«ልጁ። ስታወጡት... አፈር በልቶት ነበር?»

ቆፋሪው ፊቱ በራ፤ በመጨረሻ የሚያጽናና ነገር ያገኘ መሰለው። «ኧረ ንጹሕ! አንዲት የሥጋ ቁራሽ የለበትም። እንደ ሰም ቢጫ። እንዲህ ዓይነቱን በወር አንድ ባይ ነው። ይሄ ልጅ የእናት አባት ምርቃት ያለበት ነው አልን። ባይፈርስማ ኖሮ መልሰን አፈር እናለብሰው ነበር፤ ዛሬም እዚያው በጠበቃችሁ።»

አርጊሪስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ፈርሷል» አለ። «ፈርሷል፣ ስታማቲያ። አልያዘውም።»

«ምኑ ነው ያልያዘው?»

ነገራት። ዛፉን፣ ወንፊቱን፣ ቃሉን፣ ጨውን፣ የሐሙሱን ቡና ነገራት። ሰኞ የተባለውም ውሸት መሆኑን ነገራት። እኔም እንዳለሁበት ሳይደብቅ ነገራት፤ ቢደብቅልኝ ኖሮ ይብስ ነበር። ትጮሃለች ብዬ ነበር። በእኛ መንደር ሴት ለዚህ ያነሰ ነገር ፀጉሯን ትነጫለች። እሷ ግን አልጮኸችም።

«ጉድጓዱን አሳየኝ» አለች ቆፋሪውን።

ከግንቡ ጀርባ የብረት ክዳን ነበር። አነሳላት። ጎንበስ ብላ አየች፤ እኔም አየሁ፣ ባላይ ይሻል ነበር። ጥልቅ ነው፤ ታች ያለው ሁሉ አንድ መልክ ነው።

«የቱ ነው?»

«እናቴ፣ አርብ ስድስት ሰው ነው ያወጣነው። ቅዳሜም ገብቷል። አይለይም።»

«እኔ እለየዋለሁ። መሰላል አምጣልኝ።»

«አይቻልም እናቴ።»

«የፊት ጥርሱ ትንሽ የተሰበረች ናት። ከግድግዳ ላይ ወድቆ ነው፣ በሰባት ዓመቱ። እለየዋለሁ።»

ሰውዬው ክዳኑን ቀስ አድርጎ መለሰው። ስታማቲያ ጥቂት ቆማ ወይኑንና ንፍሮውን ለእሱ ሰጠችው። «እግዜር ይማረው በሉ» አለችው፤ እሱም አለ። ከረጢቱን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተች። አርጊሪስ ከመሬት እንዲነሳ እጇን አልሰጠችውም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ስታማቲያ ለባብሳ ወጥታ ወጥ ቤት ተቀመጠች። እዚያ ቁርሱን ትቶ የተቀመጠውን ባሏን አየችው።

«መርከቡ ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው» አለ አርጊሪስ።

«እንግዲያው ተነስ። ያላየነው ምን ቀረ?»

«ስታማቲያ፣ እባክሽ...»

«ተነስ እንጂ። ልታስጎበኘኝ አይደል ያመጣኸኝ? አስጎብኘኝ።»

ታክሲውን እንቢ ስላለች በሜትሮ፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ሄድን። ሲንታግማ ጣቢያ ውስጥ፣ ሲቆፍሩ የተገኘውን በግድግዳው ላይ በመስታወት ከልለው አስቀምጠውታል፤ ቧንቧ አለ፣ ሸክላ አለ፣ አንድ የጥንት ሰው መቃብርም አለ። አጽሙ እንደተኛ ይታያል፤ መብራት በርቶለታል። ሰው ባቡር እንዳያመልጠው እየሮጠ ያልፈዋል፤ እኔም አርባ ዓመት በዚህ ከተማ ኖሬ ቆሜ አይቼው አላውቅም። ስታማቲያ ቆመች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ከራስ ቅሉ እስከ እግሩ ድረስ አየችው።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

«ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት ይሉታል።»

«ከእነጣቶቹ» አለች። ከዚያ ወደ አርጊሪስ ዞራ፣ «የዚህኛው አባት በሰዓቱ ደርሷል» አለችው።

አርጊሪስ ወደ መውጫው መራን። ከዚያ ሙዚየሙን፣ ከሙዚየሙ በኋላ የንጉሡን የአትክልት ቦታ፣ ከዚያ የድሮውን የሩጫ ሜዳ አሳያት። ደክሟታል፣ እግሯ አብጧል። ቁጭ በይ ስንላት፣ «ቀጥሎስ?» ነው የምትለው።

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ተኩል ሆነው። ባለፈው ነሐሴ መንደር ሄጄ አየኋቸው። አልተለያዩም፤ በዚያ ዕድሜ ማን ይለያያል? አብረው ይለቅማሉ፣ አብረው ይበላሉ። አርጊሪስ መርገም ትቷል። መንደሩ ሽማግሌው አምላክ አወቀ ይላል። እንደ እኔ ከሆነ ግን ቢራገም ይሻል ነበር።

ሲመሽ በራቸው ላይ ተቀምጠን ሳለ የጎረቤት ልጅ አዲሷን ሙሽራውን ይዞ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ለጫጉላ አቴንስ ሊሄዱ ነው፤ ምን ምን እንይ ብለው ሊጠይቁ ነው የመጡት። ስታማቲያ ማስቲካ የምታጸዳበትን ቢላ አስቀመጠች።

«አርጊሪ፣ ንገራቸው እንጂ። ሁሉንም አይተኸው የለ?»

ነገራቸው። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ጀመረ። እሑድ የወታደሮቹን ቀሚስ፣ ማክሰኞ አክሮፖሊስን፣ ረቡዕ በገመድ የሚሳበውን ባቡር፣ ሐሙስ ገበያውን፣ አርብ ባርኔጣውን የወሰደውን ነፋስ። ሙሽሮቹ ሳቁ። ለሚመጣ ሰው ሁሉ ታስነግረዋለች አሉኝ ኋላ፤ በቅደም ተከተል። ቅዳሜ ዝናብ ስለነበር ቤት መዋላቸውን ነገራቸው። እሑድ ስንዴ መቀቀሏን ነገራቸውና ዝም አለ።

ልጅቷ አክብራ ጠበቀችው። ስታማቲያም ጠበቀችው።

«ሰኞስ?» አለችው።